ዝም ብሎ የሚሳሳት ማሽን

እዚህ ደባርቅ ኮምፒውተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የምንከሰው መብራትን ነው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ መብራትን ስከስ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ሳቀናብር ዴስክቶፔ ቢንቀረፈፍብኝ በነበሩት ሁለት ራሞች ላይ ሌላ ሁለት ጨመርኩ። ባዮስ ገብቼም ኤክስኤምፒ የሚባለውን አበራሁ። ይህ ራሙን ከ2133 ወደ 3200፣ ቮልቴጁንም ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ የሚያደርግ ነው። ኮምፒውተሩ በረረ፤ ደስ አለኝ። አልፎ አልፎ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ሲዘጋ «የመብራት መዋዠቅ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን የአንዲት እናትን ቃለ ምልልስ ልከፍት ፈለግሁ። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አካባቢ ጭና ድረስ በመጣ ጊዜ ያዩትን አንድ ሰዓት ያህል ነግረውኝ ነበር። ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ። ከስልኬ ላይ ደግሞ ቦታ ሲጠበኝ አጥፍቼዋለሁ።

ያኔ ነው መብራትን መክሰስ የተውኩት። ሜምቴስት86ን በፍላሽ ጭኜ ማታ ለቀቅሁት። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ጨረሰ፤ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ስህተት በስህተት ተደርድሮ ጠበቀኝ። ኤክስኤምፒውን አጥፍቼ ስፈትን አንድም ስህተት የለም። ሁለት ሁለቱን ለየብቻ በ3200 ስፈትን ደህና ናቸው። የሚሳሳቱት አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ጫናው ለፕሮሰሰሩ ሚሞሪ ተቆጣጣሪ ይከብደዋል። ወደ 2666 ሳወርዳቸው አራቱም ሌሊቱን ያለ ስህተት አነጉ።

ፋይል ሲገለበጥ በራም በኩል ያልፋል። እዚያ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ብትገለበጥ ማንም አይነግራችሁም። በአውሮፓውያኑ 2003 ቤልጅየም ውስጥ ስካርቤክ በተባለ ስፍራ በኤሌክትሮኒክስ በተሰጠ ምርጫ አንዲት እጩ 4096 ትርፍ ድምፅ አገኙ። የመረመሩት ባለሙያዎች ሌላ ስህተት ስላጡ አንዲት ቢት ድንገት ተገልብጣ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። የተነቃው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለሆነ ብቻ ነው። አነስ ያለ ቢሆን ኖሮ ማን ያስተውለው ነበር?

ከዚህ ወዲህ የሚዘጋብኝን ኮምፒውተር አልረግምም፤ ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። የሚያስፈራኝ እየፈጠነ፣ እየሠራ፣ ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። የእኛ የዜና ሥራም ከዚህ አይርቅም። ፍጥነቱን ሁሉም ያያል፤ የተገለበጠችውን አንዲት ቁጥር ግን የሚያይ የለም።

ራም የምታፈጥኑ ካላችሁ አንድ ሌሊት ፈትኑት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ «ትንሽ ነው» አትበሉ። የቀረጻችሁትንም ቅጂው ተከፍቶ እስኪሰማ ድረስ ከስልካችሁ አታጥፉ።

እኔ ወደ እኚያ እናት ልመለስ ነው። ማሽኑን አንድ ሌሊት ፈትኜ ማዳን እችል ነበር። እሳቸውን ግን ያን ቀን እንደገና ንገሩኝ ማለት አለብኝ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር እስካሁን አላወቅሁም።