ለልጆች በደጅ ስለሚሰጥ ሙልሙል

በነሐሴ ወር ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሲዘፍኑ ምን መስጠት እንደሚገባ በሰፈራችን ክርክር ያልተነሣበት ዓመት የለም። አንዱ እንደ አባቶቻችን ሙልሙል ይሰጥ ይላል፤ አንዱ ከዳቦ ገንዘብ ይሻላል ይላል፤ ሌላውም ልጅን በየሰው ደጅ ማዞር ልመናን ማስተማር ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሰማው ቃል «ማን እንደ ጋገረው የማላውቀውን ነገር ልጄ አይቀምስም» የሚለው ነው። እኔም በዚህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ ያኖርሁት ጉዳይ ስላለኝ፥ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ታግሠው እንዲሰሙኝ እለምናለሁ።

የተወለድሁት በላስታ፥ ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ባለች መንደር ነው። አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ሥራ እንደ ሆነችም ይነገራል። በክረምት ጉሙ ስለሚሸፍናት ከመንደራችን ሆኖ ተራራዋን ማየት የሚቻለው አልፎ አልፎ ነው። በቡሄ ዋዜማ ግን ጉሙ ገለጥ ያለ እንደ ሆነ፥ በየተዳፋቱ ላይ የሚበራው ችቦ ከታች ሆነው ሲያዩት ልብን ደስ ያሰኛል።

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበር የደብረ ታቦር በዓል መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። በዋዜማው ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፥ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ የቤቱ እመቤትም ሙልሙል ታድላቸዋለች። ይህም ልማድ፥ በታቦር ተራራ የነበሩ እረኞች ከብርሃኑ የተነሣ የመሸ ሳይመስላቸው ስለ ቆዩ፥ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጉአቸው ከመውጣታቸው የመጣ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለ ሆነ ሙልሙሉን ቅቤም ወተትም አይነካውም። ጾሙ ሲፈታ ነሐሴ 16 ቀን የልጃገረዶች ተራ ይደርሳል፤ በላስታ አሸንድዬ፥ በሰቆጣ ሻደይ፥ በቆቦ ሶለል እየተባለ ይጠራል። ልጃገረዶቹ በበዓሉ ስም የሚጠራውን ረጅም ቅጠል በወገባቸው አሥረው፥ ከበሮ እየመቱ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳሉ።

በመንደራችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቱንና ጀበናውን ተሸክማ ወደ ላሊበላ ገበያ ትወርዳለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጡን የሚሠራው በእርስዋ ድስት፥ ውሃውን የሚቀዳው በእርስዋ እንስራ ነው። እናቴም የቡሄን ሙልሙል የምትጋግረው ከዚያችው ሴት በገዛችው ምጣድ ላይ ነበረ። ይሁን እንጂ እርስዋ ራስዋ የጋገረችውን እንጀራ የሚቀምስ ሰው አልነበረም፤ ለምን ቢሉ፥ ቡዳ ናት ይባል ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው እንደ ነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ዐዋጁ እስከ መንደራችን ሳይደርስ በመንገድ የቀረ ይመስላል። እኛ ልጆች እንኳ እናታችን የምትሆነውን ሴት «አንቺ» እያልን ነበር የምንጠራት።

በ1973 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በቡሄ ዋዜማ ከባልንጀሮቼ ጋራ ስንዞር አምሽተን ወደ ደጅዋ ደረስን። እርስዋም ደጅዋን ጠርጋ፥ ሙልሙሉን በሰፌድ ደርድራ ትጠብቀን ነበር። እናቶቻችን አስቀድመው መክረውናል። «አንቀበልም ብላችሁ እንዳታስቀይሟት፤ የተቀየመች እንደ ሆነ ዐይኗ ይከፋል። ተቀበሉ፥ መርቁም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ አፋችሁ እንዳታደርሱት፤ ለውሻ ጣሉት» ብለውናል። እኛም እንደ ተባልነው ተቀብለን መረቅናት። ከአጥሩ እንዳለፍንም ባልንጀሮቼ ሙልሙሉን ለውሻ ወረወሩት። እኔ ግን ዝናብ መትቶኝ፥ ርቦኝም ነበርና ወደ ኋላ ቀረት ብዬ በላሁት። ገና ትኩስ ነበረ፤ ከእናቴም ሙልሙል የሚለይበት ነገር አላገኘሁበትም። በዚያች ሌሊት ግን እስኪነጋ ድረስ ሆዴን እያዳመጥሁ ሳልተኛ አደርሁ።

በማግሥቱ የታመመው እኔ ሳልሆን ከመካከላችን ሌላው ልጅ ነው። ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። ልጁ ሙልሙሉን አለመብላቱን ምሎ ተናገረ፤ እውነቱንም ነበረ፤ ሲጥለው አይቼዋለሁ። ነገር ግን «ባይበላም ዐይኗ አርፎበታል» ተባለ። ሰዎች ወደ ሴቲቱ ቤት ሄደው ከቀሚስዋ ጫፍ ቀደው አመጡና ልጁን በጨርቁ ጢስ አጠኑት። እርስዋም ቀሚስዋ ሲቀደድ አንድ ቃል እንዳልተናገረች ሰማሁ። እኔ ግን ሁለት ነገር ዐውቅ ነበር። አንደኛው፥ ሙልሙሉን በልቼ አንዳች እንዳላገኘኝ ነው። ሁለተኛውም፥ ያ ልጅ በዚያ ምሽት ከመንገድ ዳር ካለው ቦይ በጎርፍ የደፈረሰ ውሃ በእፍኙ እየጨለፈ ሲጠጣ ማየቴ ነው። ይህን ለመናገር የእናቴን ትእዛዝ መሻሬን መግለጥ ግድ ይሆንብኝ ስለ ነበረ ዝም አልሁ። ልጁ በ4ኛው ቀን ዳነ፤ መዳኑም ለጢሱ ተቈጠረ።

በሚቀጥለው ዓመት ቡሄ ሲደርስ የሴቲቱ ደጅ በእሾህ ተዘግቶ አገኘነው። ልጆቹም «ንፉግ ሆነች» እያሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ይህን ነገር እንደ ገና ያነሣሣብኝ በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ በስልክ ያጫወተችኝ ነው። በዚያ አገር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ ሃሎዊን የሚባል በዓል ይውላል። ልጆች የአጋንንትና የሙታን መልክ ያለው ጭምብል አጥልቀው፥ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በምሽት በየደጁ ይዞራሉ፤ ከረሜላና ቸኮላታም ይሰጣቸዋል። በአገሩ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በነገሩ አይስማሙም። የአጋንንትን መልክ የለበሰ ልጅ ከቤቴ አይወጣም የሚል አለ፤ የእኛው ሆያ ሆዬ ማለት ነው፥ ልጄ ከጎረቤቶቹ ልጆች ለምን ይለያል የሚልም አለ። እኅቴ ልጆችዋን ትለቃለች። ሲመለሱ ግን ከረሜላውን በጠረጴዛ ላይ አፍስሳ፥ ልጣጩ የተከፈተ ወይም የተበሳ እንዳይኖር አንድ በአንድ በመብራት ትመረምራለች። «ወንድም ዓለም፥ እናታችን ለውሻ ጣሉት ትል እንደ ነበረችው እኔም የተጠራጠርሁትን ወደ ቆሻሻ እጥለዋለሁ» አለችኝ።

ይህ ፍርሃት በዚያ አገር ጽኑ ነው፤ ከረሜላውን በራጅ መሣሪያ እስከ መመርመር የደረሱ ሐኪም ቤቶች ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በቴክሳስ አንድ የ8 ዓመት ልጅ በበዓሉ ምሽት መርዝ ያለበት ከረሜላ በልቶ ሞቶአል። ሕዝቡ ሁሉ ክፉ ጎረቤት አደረገው ብሎ ነበር። ሲመረመር ግን መርዙን የጨመረው፥ በልጁ ሕይወት የገባውን የኢንሹራንስ ገንዘብ የፈለገው የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኘ፤ በ1984ም በሞት ተቀጣ። በ1982 በቺካጎ አካባቢ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በራስ ምታት መድኃኒት ውስጥ መርዝ ጨምሮ 7 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ፍርሃቱ ይበልጥ በረታ። ነገር ግን በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት መምህር የነበሩት ጆኤል ቤስት ከ1958 ጀምሮ ያለውን የጋዜጣ ወሬ መርምረው፥ የማይታወቅ ሰው በደጁ በሰጠው መርዝ መሞቱ የተረጋገጠ አንድም ልጅ አላገኙም። በዚያ ምሽት ልጆችን በእርግጥ የሚገድላቸው መኪና ነው። የብዙ ዓመት መዝገብ ሲመረመር፥ በሃሎዊን ምሽት በመኪና ተገጭቶ የሚሞተው እግረኛ ከሌላው ምሽት በ43 በመቶ ይበልጣል።

እኅቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ አሰብሁ። ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው የሚፈራውን አላየውም፤ እኛ ግን የምንፈራት ሴት ስምና ደጅ ነበራት።

በከተማችንም ዛሬ ሙልሙሉ እየቀረ፥ ከሱቅ የሚገዛ ከረሜላና ብስኩት እየተተካ ነው። ብዙ እናቶች የታሸገ ነገር አያስፈራም ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. ሴት ልጄ በአሸንድዬ ዞራ ስትመለስ ከያዘችው መካከል አንድ የብስኩት እሽግ አንሥቼ ባነብ፥ የመጠቀሚያው ጊዜ ካለፈ 7 ወር ሆኖታል። የሰጣት ሰው የተከበረ ጎረቤት ስለ ሆነ፥ እሽጉም ስለሚያብረቀርቅ፥ ያንን የጠረጠረ አልነበረም። እግረ መንገዴን ለእናቶች የማሳስበው፥ ደረቅ ከረሜላ ዕድሜው 4 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ጉሮሮውን ሊዘጋው ስለሚችል ከቶ እንዳይሰጥ ነው። ችቦ የያዘ ልጅ በሣር ክዳን ቤት አጠገብ እንዳያልፍ መጠበቅም የአዋቂ ፋንታ ነው፤ ስለዚህ ግን በሰፈራችን ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው በ2011 ዓ.ም.፥ በአሸንድዬ ማግሥት፥ ልጄን ይዤ ወደ ተወለድሁባት መንደር ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዋም በሕይወት ነበሩ። በልጅነቴ «አንቺ» ያልኋቸውን ዛሬ እንኳ እርሳቸው ልበላቸው። ከደጃቸው ተቀምጠው ጭቃ ያቦካሉ። ልጄ ቅጠልዋን አሥራ ዘፈነችላቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ታጥበው ወደ ቤት ገቡና ግማሽ ዳቦ ይዘው ወጡ። ልጄ ዳቦውን በሁለት እጅዋ ተቀብላ ወደ እኔ ተመለከተች። ስለ እርሳቸው ምንም አልነገርኋትም ነበር፤ ከማን እንደ ሰማች አላውቅም። ሴትዮዋም የልጅቱን ዐይን ተከትለው ፊቴን ያዩ ጀመር። ከዳቦው ቈርሼ በላሁ፤ ልጄም በላች።

«እማማ፥ ያወቁኝ እንደ ሆነ አላውቅም» አልኋቸው።

«እንዴት አላውቅህ! ሌሎቹ ለውሻ ሲወረውሩት አንተ ከአጥሩ ሥር ቆመህ ስትበላ አይቼሃለሁ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፥ «ቀሚሴን ሊቀዱ በመጡ ጊዜ፥ ያ ልጅ መጥቶ ይናገርልኝ ይሆናል ብዬ ወደ መንገዱ ሳይ ነበርሁ» አሉ። የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። እርሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ልጆች አልዞሩም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ስለ ነበረ ማንም ደጁን የሚከፍት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ቡሄ ሊደርስ ሲል አንድ ቁና ስንዴ በአህያ አስጭኜ ወደ እማማ ላክሁ። በዋዜማውም ራሴ ወጥቼ፥ ከዚያ ልጅ ጋራ፥ ማለት ታሞ ከነበረው ጋራ፥ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ። እርሱ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ የቦዩን ውሃ ነገር በ41 ዓመቱ ነገርሁት፤ ጠጥቼ እንደ ነበረ እኔም አስታውሳለሁ ብሎ መለሰልኝ። የእሾሁ አጥር ተነሥቶ ነበረ። ልጆቹ ችቦአቸውን ይዘው ወደ ደጁ ገቡ፥ ዘፈኑ፥ ሙልሙሉንም ተቀብለው መረቁ። ሲወጡ ግን ችቦው ነድዶ አልቆ ጨለማ ስለ ነበረ፥ መብላታቸውን ለማየት አልቻልንም።