ወህኒ፦ ስሙ በየከተማው የቀረ አምባ



ባለፈው ኅዳር ወር ከመምህራችን ፈቃድና ቡራኬ ተቀብለን፣ ረድእ ሳናስከትል ብቻችንን ወህኒ አምባን ለማየት ወጣን። መንገዳችን ለበዓለ ንግሥ አልነበረም። ከጎንደር በኩል የምትመጡ ተሳላሚዎች «አባታችን፣ በዚያ አምባ የታሰሩት መሳፍንት ሌሊት ሌሊት ሲያለቅሱ ይሰማል፤ መንፈስ አለበት ይባላል፤ እውነት ነውን?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁን፣ ስፍራውን በዓይናችን አይተን የምንመልሰውን ለማወቅ ነው።

ወህኒ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ ምድር የሚገኝ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። የነገሥታት ልጆች ለመንግሥቱ እንዳይሻሙ በአምባ ላይ ተዘግተው የሚኖሩበት ሥርዓት በአገራችን ጥንታዊ ነው። በትውፊት ሦስት አምባዎች ይጠራሉ። የመጀመሪያው ደብረ ዳሞ ነው፤ ሁለተኛው አምባ ግሼን፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው ወህኒ ነው። ግሼን እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ በግራኝ አሕመድ ጦር ከተያዘ በኋላ ልማዱ ለጊዜው ተቋረጠ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ዐፄ ፋሲል ወንድማቸው ገላውዴዎስ ባመፀባቸው ጊዜ ሥርዓቱን መልሰው በወህኒ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ፣ ከነጋሢው ልጆችና ወንድሞች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በዚያ ፈጸሙ። በዘመነ መሳፍንት ዙፋኑ ራሱ ክብሩን ሲያጣ የአምባውም ጥበቃ ቀረ።

ከጎንደር በጠዋት ተሳፍረን፣ አስፋልቱን ትተን በስተ ምሥራቅ ገባን። መኪናው ከሚደርስበት በኋላ ያለውን በእግራችን ሄድን። በከረጢታችን ዳዊታችንና ጥቂት በሶ ነበረ፤ በእጃችን መቋሚያችን። ወሩ የአጨዳ ወር ስለ ሆነ በየማሳው ሰው አለ፤ መስቀል ለመሳለም የማይቆም አጫጅ አልነበረም። ምድሩ በሸለቆ የተቆራረጠ ነውና አምባው ቅርብ መስሎ ይታያል፣ ሲሄዱበት ግን ይርቃል። በመጨረሻ ከፊታችን ሲቆም ግርማው ዝም አሰኘን። ከሌሎች ተራሮች ተለይቶ የቆመ ዓለት ነው፤ ግድግዳው እንደ ተጠረበ ቀጥ ያለ፣ ራሱ ጠፍጣፋ። ቅጥር የሠራለት ሰው አይደለም፤ ገደሉ ራሱ ቅጥሩ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት አልሞከርንም፤ ከግርጌው ሆኖ ማየት ይበቃል።

በአቅራቢያው ያሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከገደሉ ሥር ልናድር መሆናችንን ሲሰሙ ደነገጡ። «አባቴ፣ እዚያስ አይደሩ። አባቶቻችንም አያድሩበትም ነበር። ሌሊት ሰው እንደሚታነቅ ያለ ጩኸት ይሰማል» አሉን። ከቤታቸው እንድናድር ቢለምኑንም አመስግነን ከአንድ ወይራ ሥር ተቀመጥን። እርሳቸውም ልባቸው አላስችል ብሏቸው በመሸ ጊዜ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ከእኛ ጋር አደሩ።

ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሰምተነዋል። ወደ መንፈቀ ሌሊት ገደማ ከገደሉ ንቃቃት የሚወጣ፣ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ልቅሶ፣ በኋላም እንደ ሰው ጣር የሚመስል ድምፅ ነበር። ሽማግሌው አማተቡ፤ እኛም ዳዊታችንን ደገምን። ጎሕ ሲቀድ ግን ድምፁ ከወጣበት ንቃቃት ደጃፍ ሽኮኮዎች ፀሐይ ሊሞቁ ተሰልፈው አየናቸው። ቅዱስ ዳዊት ዓለት ለሽኮኮ መሸሸጊያ እንደ ሆነ የተናገረውን እየደገምን ስናድር፣ ጯሂዎቹ እነርሱ ኖረዋል። ሽማግሌው ሣቁ፤ ጥቂት ቆይተው ግን «አባቴ፣ ሽኮኮስ በሁሉም ገደል አለ። በሌላው ገደል ለምን አንፈራም?» አሉን። መልካም ጥያቄ ነው።

አበው እንዳስተማሩን የሞቱ ሰዎች ነፍሳት በገደልና በፍርስራሽ አይቅበዘበዙም። ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ እግዚአብሔር ወዳዘጋጀላት ስፍራ ትሄዳለች። ሐዋርያትም በባሕር ላይ ጌታን ባዩት ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኸዋል፤ ፍርሃት የቀረበውን ወዳጅ እንኳ ምትሐት ያስመስለዋልና። እንግዲህ በወህኒ የሚያስፈራን የሙታን መንፈስ ካልሆነ ምንድር ነው? እኛ እንደሚመስለን፣ በዚያ የተደረገውን እናውቃለን፤ የተደረገባቸውን ግን አናውቃቸውም። ያልተለቀሰለት ሰው በሰው ልብ ውስጥ ይጮኻል።

የወህኒን እስረኞች ስም የምናውቀው ከአምባው ወርደው የነገሡትን ወይም ለመንገሥ የተመኙትን ያህል ነው። ዐፄ በካፋ ከወህኒ አምልጠው፣ ተይዘውም አካላቸው ጎድሎ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1721 ነገሡ። ወንድማቸው ዮሐንስ ለማምለጥ ሞክረው አንድ እጃቸውን አጡ። እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ከአምባው አውርደው ዳግማዊ ዮሐንስ ብለው ሲያነግሧቸው ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር። ዕድሜ ልክ ዓለምን ከገደል ላይ ብቻ ያዩ ሰው ዘውድ ደፍተው ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ስለ ቀዳማዊ ኢያሱ የሚነገረው ነው። በዚያ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ኢያሱ በነገሡ ጊዜ ወደ ወህኒ ሄደው ዘመዶቻቸውን በፊታቸው አስቀረቡ። የንጉሥ ልጆች የተቀዳደደ ልብስ ለብሰው፣ ተርበው ቆሙ፤ ለቀለባቸው የተመደበውን ጠባቂዎቻቸው ይበሉት ነበርና። ንጉሡም አዘኑ፤ ልብስና ገንዘብ ሰጡ፤ የቀለባቸውንም ነገር አስተካከሉ። አልፈቷቸውም፤ ሆኖም ሄደው አዩአቸው። ከወርደውም ከነገሡትም ሌላ፣ የቀሩት ስማቸው የለም።

ግሼንም ወህኒ ነበረች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሣቸው በፊት በዚያ ታስረው ኖረዋል። ከነገሡ በኋላ ግን ግማደ መስቀሉን በዚያው አምባ አኖሩ፤ ዛሬ መስከረም 21 ቀን ሕዝብ እንደ ጎርፍ የሚወጣባት ደብር ናት። በግሼን ስለ መንፈስ ጩኸት ማንም አይጠይቀንም። የእስራት ስፍራ ሰው የሚጸልይበት ሲሆን አያስፈራም፤ የተረሳ ሲሆን ያስፈራል።

ወህኒ ግን ፈጽሞ አልተረሳም፤ ስሙ ከአምባው ወርዶ ቋንቋችን ውስጥ ገብቷል። በግእዝ «ቤተ ሞቅሕ» የምንለውን በአማርኛ «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚህ አምባ የተነሣ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ የታሰሩበትን ስፍራ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በየከተማችን ያለ እስር ቤት ሁሉ የዚያን ገደል ስም ይዟል ማለት ነው።

ከመንገዳችን እንደ ተመለስን አንዲት እናት ወደ ገዳማችን መጡ። ልጃቸው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሪያድ ከተማ ባዲዓ በሚባለው ሠፈር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ አልቆ ተይዛ ታሰረች ብለው ጓደኞቿ ከነገሯቸው በኋላ ድምፅዋን አልሰሙም። «አባቴ፣ በሌሊት ስትጠራኝ እሰማታለሁ፤ ልቤ ታሞ ይሆን?» አሉን። እኛም ልባቸው አለመታመሙን፣ ይልቁንም እናትነታቸው ነቅቶ እንደሚጠብቅ ነግረን የልጃቸውን የክርስትና ስም ጽፈን ያዝን። ይህ የእርሳቸው ብቻ ኀዘን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከዚያ አገር 160,000 ያህል ወገኖቻችን እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ብዙዎቹም ከመመለሳቸው በፊት በእስር ቆይተዋል። ዛሬም በእስር የሚጠባበቁ አሉ።

ስለዚህ ለጠየቃችሁን መልሳችን ይህ ነው። ወህኒን ለማየት የምትሹ ሂዱ፤ በጠዋት ተነሡ፣ የአገሩን ሰው መሪ አድርጉ፣ ውኃ ያዙ፣ ገደሉን ለመውጣት አትድፈሩ። ከግርጌው ቆማችሁ ስማቸው ላልታወቀው ጸልዩ፤ እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃልና። ሲመለሱ ግን በከተማችሁ ባለው ወህኒ ቤት በኩል እለፉ። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ማን እንደ ሆነ ጠባቂውን ጠይቁ፤ ስንቅ አቀብሉ፤ ስሙን ጠይቁ። የጠጅ አሳላፊው ዮሴፍን ሁለት ዓመት ረስቶት እንደ ነበር አንርሳ፤ ከሰንሰለቱ ይልቅ መረሳቱ ሳይከብደው አልቀረም።

በአገር ውስጥም ሆነ በስደት ምድር የታሰረ ዘመድ ያላችሁ የክርስትና ስሙን ጽፋችሁ ለዕቃ ቤቱ አገልጋይ ስጡ። በቅዳሴያችን ስለ ታሰሩት የምንጸልይበት ጊዜ አለ፤ ከእንግዲህ በየስማቸው እናስባቸዋለን። ከባዲዓ የጠፋችው ልጅ ስም ከመዝገቡ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል።

የታሰሩትን የሚፈታ አምላክ ሁሉንም ወደየቤታቸው በሰላም ይመልስልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።