አባ ኮዳን ተዉት

አባ ኮዳ አልነካውም። ዛሬ ከሰዓት አሞራ ገደል የአሳ ገበያው ጋ ሐይቁ ውስጥ የገባውን በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን «አሞራ መትቶት ነው» እያላችሁ ስታወሩ ስለዋላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ያ ወፍ ከጠዋት ጀምሮ የአሳ አንጀት ሲጠብቅ ነው የዋለው። ፎም ብሎ አየር ላይ የሚወጣበት ምን ጉዳይ አለው?

የጣለው ባትሪ ነው። የሞተሩ እንዳይመስላችሁ፤ የሞተሩ ሲለካ ገና ብዙ ቀርቶት ነበር። ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው የሪሲቨሩ ነው። የአውሮፕላኑ ባለቤት ልጅ ለሪሲቨሩ ለብቻው ባትሪ ማሰቡ ጎበዝ ያሰኘዋል፤ ሞተሩ ቢደክም እንኳ ክንፍና ጭራውን እያዘዘ ያሳርፈዋል። ግን ምን ሰጠው? አንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ቮልቷን ወደ 5 ከምታሳድግ ትንሽ ቦርድ ጋር። ቤት ውስጥ ክንፍና ጭራውን የሚያንቀሳቅሱትን ሰርቮዎች አንድ በአንድ ሲሞክራቸው ሁሉም ሠሩ። የከሰዓቱ የሐይቅ ነፋስ ሲመጣ ግን አራቱም በአንዴ መታገል ጀመሩ፣ ቮልቱ አሽቆለቆለ፣ ሪሲቨሩ ጠፋ። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ከ3.5 ቮልት አካባቢ ሲወርዱ ይዘጋሉ። መልሶ እስኪነሣማ አውሮፕላኑ አሳ ሆኗል። በጀልባ ሄደው ያወጡት አባት «ልጄ፣ ይሄኛው እሾህ የለውም» ብለው አስረከቡት።

አሁን ወደ ድንጋይዋ። ላይዋ ላይ በትልቁ «9900 ሚሊ አምፕ አወር» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። ይህች 18650 የምትባለዋ መጠን ከታወቁት ፋብሪካዎች እንኳ ስትወጣ ምርጧ የምትይዘው 3500 አካባቢ ነው። 9900 የያዘች ካለች ሳይንቲስቶቹ ይፈልጓታል። አንድ ሱቅ ውስጥ 6800 እና 9900 ጎን ለጎን ተደርድረው አይቼ «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ስለው ባለሱቁ «ይሄኛው ቁጥሩ ይበልጣል» አለኝ። አልዋሸም እኮ! ትክክለኛዋ ወደ 45 ግራም ትመዝናለች፤ ከዚያ ብዙ የምትቀል ከሆነ ተጠራጠሯት፤ ወርቅ ቤት ዘመድ ያላችሁ ሚዛን ተዋሱና እዩ። ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ግን ይህቺው ድንጋይ መብራት ሲጠፋ ተማሪ የሚያነብበት ፋኖስ ውስጥም አለች። ሌሊት ሐይቅ ላይ የሚያድር ሰው ግንባሩ ላይም አለች። አውሮፕላን ቢወድቅ ፎም ነው። እሱ ጨለማ ውስጥ ሲቀርስ?

ደግሞ «ትንሽ ባትሪ ናት» አትበሉኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር፣ «ንግሥተ ሳባ»፣ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ባዶዋን ቆማ ሳለ ጭራዋ አካባቢ ነደደች። ዓለም ሁሉ ያን ዓመት ድሪምላይነሮችን ሁሉ ከበረራ ያሳገዱትን ትልልቆቹን ባትሪዎች ጠረጠረ። መርማሪዎች ሲደርሱበት ግን እሳቱ የተነሣው አደጋ ሲደርስ ቦታ ከምትጠቁም ትንሽ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ሽቦዎቿ ክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ሰው የማያያት ባትሪ ናት።

እሺ፣ «ታዲያ ለሪሲቨሩ ምን ባትሪ እንስጠው?» ለምትሉኝ። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 4 ድንጋይ 4.8 ቮልት ነው፣ 5 ድንጋይ 6 ቮልት፤ ሰርቯችሁ ከቻለ አምስቱን ምረጡ። በወር አንዴ የምታበሩ ከሆነ ቆሞ ቶሎ የማይወርደውን ዓይነት ፈልጉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት 2 ድንጋይ 6.6 ነው፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ነገር ግን ባትሪው ሊያልቅ እስኪቃረብ ቮልቱ እምብዛም ስለማይወርድ መለኪያ አያጋልጠውም፤ ከበረራ በኋላ ስትሞሉት ስንት እንደገባ ተመልከቱ። ለእሱ በተሠራ የቻርጅ ስልት ሙሉት፣ በድንጋይ 3.6 ቮልት ላይ አቁሙት። ሊፖ 2 ድንጋይ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ ለ6 ቮልት የተሠራ ሰርቮ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ጭሱን ለማጠን ተጠቀሙበት። ባትሪን ደግሞ ሥራ ሳይሠራ አትለኩ። ሁሉንም ሰርቮ በአንዴ እያንቀሳቀሳችሁ ለኩ፤ ሥራ የፈታ ባትሪ ሁሉ ጀግና ነው።

አንድ የቀረኝ የቻርጅ ነገር። 2000 ሚሊ አምፕ አወር ኒኬል በ200 ሚሊ አምፕ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋ ቻርጀር የያዛችሁ፣ በእኛ መብራት ምን እንደሚሆን አስቡት፦ መብራት በሄደ ቁጥር ቆጠራው ይጠፋል፣ በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፣ ባትሪው ደግሞ ሞልቶም ይበስላል። ቻርጀሩን አትመኑ፤ የተሞላበትን ሰዓት ራሳችሁ ጻፉ። ሲግል ንቀሉ።

በ9900 ሊከራከረኝ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አድርጓት ይምጣ። ደከመኝ።