ሮኬትና ማትሪክ

ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር አንድ ሮኬት ተቀምጧል። ቁመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። አካሉ የለስላሳ መጠጥ ባለ ሁለት ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ ነው። አፍንጫው ከሌላ ጠርሙስ አንገት ተቆርጦ በፕላስተር የተለጠፈ ሲሆን፣ ጫፉ ውስጥ ጭቃ ተጠቅጥቆበታል። ሦስቱ ክንፎች ከአሮጌ ክላሰር ሽፋን የተቆረጡ ናቸው። ውታፉ ከነጠላ ጫማ ሶል የተጠረበ ነው። በውታፉ መሐል የሚያልፈው የአየር መግቢያ ደግሞ ጎሚስታው ከጣለው የብስክሌት ጎማ ላይ የተነቀለ ነው። መንፊያውም የጎሚስታው ነው፤ እሁድ እሁድ በውሰት ይመጣል። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ወጪ የፕላስተሩ ዋጋ ብቻ ነው።

ሠሪው የጎረቤቴ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው።

እናቱ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አቆመችኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይምከሩልኝ፤ መምህር አይደሉ? ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ሲቆርጥ ነው የሚውለው። ቆራሌውስ ቢሆን ለቅሞ ይሸጠዋል፤ የኔው ግን ለቅሞ ቤት ያስገባዋል!»

ሣቅሁ፤ እሷ ግን አልሣቀችም። አልፈርድባትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ከፍ አለ ተብሎ 5.4 በመቶ ደረሰ። ልጇ ከመቶው ውስጥ ከሦስቱ ወይም ከአምስቱ አንዱ እንዲሆን የምትጸልይ እናት፣ ጠርሙስና መቀስ ስታይ ሆዷ ቢባባ ምን ይገርማል? የእጅ ሥራን ማወደስ ለኔ ቀላል ነው፤ ልጁ የኔ አይደለም፣ ማትሪክም አይጠብቀኝም።

በሌላም ነገር እውነት አላት። ልጁ መጀመሪያ ያሰበው የክብሪት ራስ ሰብስቦ በእሳት ሊያስወነጭፈው ነበር። ያንን በአንድ ጩኸት አስቆመችው፤ ደግ አደረገች። እሱም አኩርፎ ሰነበተና ወደ ውኃ ዞረ። የውኃ ሮኬት ነገሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ሲሶው ድረስ ውኃ ይሞላል፤ በቀረው ቦታ አየር በመንፊያ ይታጨቃል። ውታፉ አልችል ብሎ ሲለቅ የታመቀው አየር ውኃውን ወደ ታች ይገፋል፤ በዚያው ልክ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይገፋል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሕግ ነው። «ባዶ አየር ብቻ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አየር ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል፤ የሚገፋው ነገር ክብደት ያስፈልገዋል» አለኝ። በስንት ዓመት ማስተማሬ እንዲህ አጥርቶ የመለሰልኝ ተማሪ ብዙ አላስታውስም።

መቼም የቋንቋ ሰው ስለሆንሁ አንድ ነገር ጣል ሳላደርግ አላልፍም። «ጠቢብ» ስንል ዐዋቂ ማለታችን ነው፤ ክብር ነው። «ጠይብ» ስንል ግን ብረት ቀጥቃጩን ማለታችን ነው፤ ለረዥም ዘመን ስድብ ነበር። ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር ናቸው። ራሱን ይዘን አከበርነው፣ እጁን ይዘን ቡዳ አልነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቀነስ ሳያደርገው አልቀረም፤ ፍርሃቱን ግን የነቀለው አይመስለኝም። «ተማር» ስንል እስከ ዛሬ «እጅህን አታቆሽሽ» ማለታችንም አይደል? እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው፤ የሽቦ መኪናችንን፣ የካልሲ ኳሳችንን የምንሠራው ከወላጅ ዓይን ተደብቀን ነበር።

እናላችሁ፣ ልመክረው ወረድሁና ስመለከተው አመሸሁ።

የመጀመሪያው ሮኬት ከሃይላንድ የተሠራ ነበር። (ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ የንግድ ስም ነበር፤ አሁን የማንኛውም ላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኗል።) የውኃ ጠርሙስ ስስ ነው፤ ገና ጥቂት ሲነፋ ጎኑ አብጦ ቅርጹ ተበላሸ። ልጁ ጠርሙሱን ለሁለት ቀን ሲያገላብጥ ከረመና ጋዝ ያለው መጠጥ የሚታሸግበት ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ተደርጎ እንደሚሠራ ደረሰበት። ማንም አልነገረውም። ሁለተኛው ሮኬት አልፈነዳም፤ ግን ሁለት ሜትር ያህል ተነሥቶ በአየር ላይ ተገለባበጠና የጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ዐረፈ። የጥበቃ ሠራተኛው «ሮኬት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ መለዋወጡን ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ይህን ቃል ከዜና ውጪ ሰምቶት አያውቅማ።

መገለባበጡን ያዳነው ጭቃው ነው። ጦርም ቀስትም ቀጥ ብሎ የሚሄደው ክብደቱ ወደ ፊት፣ ላባው ወደ ኋላ ሲሆን ነው። ልጁ ሮኬቱን በሚዛኑ መሐል በሲባጎ ያስርና እንደ ወንጭፍ በራሱ ዙሪያ ያሽከረክረዋል። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ደህና ነው፤ ጭራውን ካስቀደመ አፍንጫው ላይ ጭቃ ይጨመራል። የምድር ቤቷ አሮጊት ይህን አይተው «ምነው ልጄ፣ ወፍ ልትጠብቅ ነው?» አሉት።

አንድ ምሽት ሮኬቱ ለአራተኛ ጊዜ እምቢ ብሎት ሲተክዝ የጎዳርድን ታሪክ አወራሁለት። ሮበርት ጎዳርድ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኦበርን በምትባል ከተማ፣ በዘመዱ እርሻ ላይ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት አስወነጨፈ። በረራው 2.5 ሰከንድ ያህል ቆየ፤ 12.5 ሜትር ያህል ከፍ አለና ጎመን መደብ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ታይምስ ሰውየው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ አያውቅም፣ ሮኬት አየር በሌለበት አይሠራም ብሎ በርእሰ አንቀጹ ተሳልቆበት ነበር። ማስተካከያው የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተነሣ ማግስት ነው። ጎዳርድ ከሞተ 24 ዓመት ሆኖታል። እኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ማስተካከያ ላይ ፈጥነን አናውቅም።

እኔ በጋዜጣው ነገር ስደነቅ ልጁ የያዘው ሌላ ነገር ነው። «አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ?» አለ፤ ዓይኑ በራ። የኛ ሰው ሳተላይት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ስትመጥቅ በቴሌቪዥን ያየ ልጅ ነው፤ ሮኬት ለሱ የሩቅ ሰዎች ዕቃ ነበር። ጎመን መደብ ውስጥ የወደቀ ሮኬት መኖሩን ሲሰማ ግን ነገሩ በክንዱ የሚለካ ሆነለት።

መለካቱ ግን ችግር ነበረው፤ ሰማይ ላይ ሜትር አይዘረጋ። የእኅቱን ፕሮትራክተር ወስዶ በክር ጠጠር አንጠለጠለበት። በሚቀጥለው እሁድ፣ ከማስወንጨፊያው 20 ሜትር ርቄ እንድቆምና ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ በፕሮትራክተሩ ጠርዝ እንዳነጣጥር ታዘዝሁ። ሌሎቹ ሁሉ ራቅ አሉ፤ ጎሚስታው በረዥሙ ጎማ ነፋ። ሠላሳ ጊዜ ነፋ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ... ውታፉ «ቷ!» ሲል ሁላችንም ረጠብን። ክሩን በአውራ ጣቴ ይዤ አነበብሁለት። 45 ዲግሪ።

«ታንጀንት 45 አንድ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከፍታው ከርቀቱ ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ የዓይኔ ቁመት ሲደመር 21 ሜትር ተኩል። ነፋሱን አልቆጠርንም። ሮኬቱ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከተሰጣ በርበሬ መሐል ተገኘ፤ እሱን ለማስመለስ ይቅርታ የጠየቀው ጎሚስታው ነው።

እናቱ ከላይ ሆና ታይ ነበር። ወርዳ «ይኼ ቁጥር ከየት መጣ?» አለችው። የደረጃውን ግድግዳ በእርሳስ ሞልቶ አስረዳት፤ ሦስት ማዕዘን ሣለ፣ ጠጠሩን ሣለ፣ እኔንም ሣለኝ። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ይኼ ፈተናው ላይ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው ግድግዳውን አጥፋና ደብተርህ ላይ ጻፈው» አለችው። ቀጥላም ወደኔ ዞረችና «እርስዎም ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ያገኝዎታል» አለችኝ።