ከኢላማው ጀርባ

እኔና ጠመንጃ የተዋወቅነው በግጥም ነው። ዩኒቨርሲቲ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ፉከራና ቀረርቶ ላይ ስንደርስ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያንቀላፉት ተማሪዎች ሳይቀሩ ይነቁ ነበር። አንዱ ከኋላ ወንበር «ዘራፍ!» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔም ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ስንኙ ርዝመት፣ ጠመንጃ እንደ ሰው በስሙ እየተጠራ ስለመወደሱ አብራራለሁ። ምንሽሩን፣ ለበኑን፣ ውጅግራውን በየስማቸው እጠራለሁ። ያኔ በእጄ ይዤ የማውቀው ግን ጠመኔ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሄጄ ነበር። ገና ሻንጣዬ መኪናው ላይ ሳይጫን «ይኼን ልጅ ምከርልኝ» አለችኝ።

«ምን አድርጎ?»

«ጠመንጃ እየሠራ ነው።»

ደነገጥኩ። ብረት እያቀለጠ መሰለኝ።

«መሥራት ሲሉ መገጣጠም ማለታቸው ነው» አለችኝ። «ደግሞ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ አንተው አስጥለው።»

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ለማወቅ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ልጁ 27 ዓመቱ ነው። እዚያ አገር የገባው በ3 ዓመቱ ነው። አማርኛው አንዳንዴ «አንተ»ንና «አንቺ»ን ያምታታበታል እንጂ «ጋሼ» ማለቱን አልረሳም። ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አጋዘን ማደን ጀምሯል። እህቴ «ያልተባረከ ሥጋ ቤቴ አይገባም» ብላ ስላወጀች ያደነውን ለጓደኞቹ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ በኩል ቤቱ ሰላም ነው። ጭቅጭቁ ያለው ምድር ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ምድር ቤት ወስዶ አሳየኝ። መሣሪያው አሜሪካኖች ኤአር 15 የሚሉት፣ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንዳንድ የሚተኩስ ከፊል አውቶማቲክ ነው። ሁለት ክፍል አለው። ሕጉ «ጠመንጃ» ብሎ የሚቆጥረው ታችኛውን፣ ቃታው ያለበትን ክፍል ነው። ላይኛው፣ አፈሙዙን የያዘው ክፍል፣ በሁለት ቀጫጭን ካስማዎች ይያያዛል። ካስማዎቹን ነቅሎ ላይኛውን ክፍል በሌላ ቢተካው ያው መሣሪያ ሌላ ዓይነት ጥይት ይጎርሳል።

«ሥሩ አንድ፣ ቅጥያው የሚለዋወጥ ግስ በለው» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ለአክብሮት ሳቀ።

ከዚያ ጥይቶቹን በተርታ አቆመልኝ። በስተግራ መሣሪያው የተለመደውን 5.56 ሚሊ ሜትር፤ እርሳስ የምታክል ቀጭን ነገር። ከእሷ ቀጥሎ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ወፋፍራሞች። «ከነዚህ አንዱን መምረጥ አለብኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

እንደ ደህና ተማሪ አስረዳኝ። አንደኛው 458 ሶኮም ይባላል። የመወለዱ ምክንያት ከእኛ ጎረቤት መሆኑን ስሰማ ጆሮዬን አቆምኩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ላይ የተዋጉ የአሜሪካ ወታደሮች፣ ትንሿ ጥይታቸው የተመታውን ሰው ቶሎ አትጥልም ብለው ማማረራቸው ይነገራል። ከዚያ እሮሮ ተነስተው በዚያው ጠመንጃ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ጥይት ሠሩ። ሁለተኛው 50 ቤዎልፍ ነው። የጥንታዊ እንግሊዝኛ ጀግና ስም ጥይት ላይ ተለጥፎ ሳይ የቀድሞው መምህርነቴ ትንሽ ከፋው። ሦስተኛው 450 ቡሽማስተር ሲሆን፣ መነሻው ጄፍ ኩፐር የተባለው የተኩስ መምህርና ጸሐፊ ሐሳብ ነው። ሰውየው ትልቅ አውሬ በአንድ ምት የሚጥል፣ ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ቀላል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዲሠራ ሲመኝ ነበር። ሆርናዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥይቱን ገበያ ላይ አዋለው።

«አጋዘን ለመግደል ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

እዚህ ላይ ሕግ ጠቀሰልኝ። ኦሃዮ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ እርሻውና መንደሩ የተቀላቀለ። ስለዚህ በአጋዘን ወቅት ረጅም የሚሄድ ፈጣን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ አይፈቀድም። ለብዙ ዘመን የታወቀው የአዳኝ መሣሪያ ባለ አንድ እርሳስ ጥይት የሚተኩሰው የአደን ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ግን ቀለሁ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ተፈቀደ። አንገት ያለው ቀለህ ብዙ ባሩድ ይዞ ቀጭን ጥይት ያስፈነጥራል፤ ቀጥ ያለው በአብዛኛው ወፍራምና ዘገምተኛ ጥይት ነው የሚተኩሰው። የሳተው ጥይት ሦስተኛው እርሻ ላይ ላም እንዳይመታ ነው ነገሩ። ጠመንጃው ውስጥም ከ3 ጥይት በላይ መያዝ ክልክል ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት ሶኮም ወደቀ። ትንሽ ብትሆንም አንገት አለችው። ቤዎልፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ቡሽማስተርን ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል። «ስለዚህ 450» አለ። ምርጫውን ጨርሶ ነው ለካ እኔን «ምረጥልኝ» የሚለኝ! ተማሪዎቼም እንዲሁ ነበሩ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ወስነው መጥተው ነው «ምን ይሻለኛል?» የሚሉት።

በማግስቱ ወደ ጠመንጃ መደብር አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ሽበታም፣ ትሑት ሰውዬ ነው። ልጁን ምን ሊያድን እንዳሰበ፣ ከስንት ርቀት እንደሚተኩስ ጠየቀው። ከዚያ ሌላ ሣጥን አወጣ። 350 ሌጀንድ የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣች፣ ቀለሟ ቀጥ ያለ ሳይሆን ቀለሁዋ ቀጥ ያለ (ምላሴን ይቅር በሉት)፣ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያላት ጥይት ናት። ለአጋዘን ትበቃለች፣ ሕጉም ይፈቅዳታል፣ ትከሻ ብዙም አትመታም፣ ዋጋዋም ይቀንሳል አለ። ልጁ አመስግኖት ወጣ። አልገዛም።

መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። «ሰውየው ትንሿ ትበቃለች እያለህ ትልቁን ምን አስመኘህ?»

ዝም አለ። የትራፊክ መብራቱ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ አልመለሰልኝም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። አያቴ ናቸው። ለእሱ ቅድመ አያቱ። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ቆመው፣ ካባ ደርበው፣ ውጅግራቸውን ይዘው።

«የአያታችን ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የ450ው ጥይት ደግሞ 11 ተኩል ገደማ። ብዙ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ ጋሼ። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ እህቴ አማርኛው እንዳይጠፋበት በየእሑዱ ስልክ ታገናኘን ነበር። እኔም ሞያዬ ነውና ተረት አላሳጣሁትም። ውጅግራ የሚለው ቃል «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ እንደመጣ፣ ጠመንጃው ባዚል ግራ በተባለ መኮንን ስም እንደተጠራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሆኖ አድዋ ላይ በየካቲት 1888 ዓ.ም. እንደዋለ፣ አንዴ ተኩሶ እንደገና ማጉረስ እንደሚያስፈልግ፤ አያቴ ከአባታቸው ወርሰውት በጠላት ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እንደ አርበኛ እንደተዋጉበት ሁሉ ነግሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምደግመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ «አያታችን ስተው አያውቁም።»

እህቴ ጥፋቱ ያንተ ነው ያለችኝ ይኼን ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ምድር ቤት ወርጄ ያልነገርኩትን ነገርኩት። ጥር 1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነኝ። ጎጃም፣ አያቴ ቤት ሠርግ ነበር። ዳሱ ሞልቷል፣ ጠጁ ገብቷል፣ ፉከራው ጦፏል። አያቴ ወጡና ውጅግራቸውን ወደ ሰማይ ተኮሱ። «ወደ ሰማይ» እንላለን እንጂ ሰማይ ጥይት ተቀብሎ አያስቀርም። ልጅቷ ከወንዙ ማዶ እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ነበር። ከዳሱ 600 ሜትር ቢሆን ነው። ዘፈኑ ስላልቆመ የሰማ የለም። ልጃቸው የዘገየችባቸው እናት ናቸው ፍለጋ ወርደው ያገኟት። 12 ዓመቷ ነበር።

ሽማግሌ ገባ፣ ደም ደረቀ፣ ካሳ ተከፈለ። አያቴ ጠመንጃውንና ሁለት በሬ ሸጠው ከፈሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ በሕይወታቸው ፎክረው አያውቁም። እኛ ቤት ይህ ነገር አይወራም። እኔም ለ20 ዓመት ፉከራ ሳስተምር አንድም ቀን አላነሳሁትም።

ልጁ ጥይቱን በጣቱ እያሽከረከረ «ግን ወፍራምና ዘገምተኛ ጥይት እኮ ሩቅ አይሄድም» አለ። የሕጉን ምክንያት እያሰበ ነው።

«የአያትህም ወፍራምና ዘገምተኛ ነበር» አልኩት። «25 ግራም እርሳስ፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። አግድም ብትተኩሰው ቶሎ መሬት ይይዘዋል። አፈሙዙን ሽቅብ ካነሣኸው ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሕጉ የጥይቱን ዓይነት ይመርጥልሃል፤ አፈሙዙን ወዴት እንደምታዞር የምትመርጠው አንተ ነህ።»

ይኼኔ ነው ያልጠበቅኩትን ጥያቄ የጠየቀኝ።

«ስሟ ማን ነበር?»

አላውቅም ነበር። አስቡት እስቲ! የምንሽርን፣ የለበንን፣ የውጅግራን ስም ከነትውልዳቸው ስተነትን የኖርኩ ሰው፣ አያቴ የገደሏትን ልጅ ስም አላውቅም። ላስታውስ ሞከርኩ። የሙሽራው ስም መጣልኝ፤ የበሬዎቹ ስም ሳይቀር መጣልኝ።

ከደረጃው ላይ የእህቴ ድምፅ መጣ። ለካ ቆማ ስትሰማን ነበር። ስሟን ነገረችን። «ውሃ አብረን ነበር የምንቀዳው» አለች። «የዚያን ቀን እኔ ለሠርጉ ብዬ ቀረሁ።» 14 ዓመቷ ነበር ያኔ። አርባ ምናምን ዓመት አንድ ቤት ተወልደን፣ አንድ ሐዘን ተሸክመን፣ ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ቤተሰቦቿ በሕይወት አሉ።

አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬም በየገጠሩ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማን መያዝ እንደሚችል፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ደንግጓል። መልካም። ነገር ግን ጠመንጃን ያስወደደን አዋጅ አይደለም፤ አዋጅም ብቻውን አያስጠላንም። እኛን ያሳደገን ቃል ነው። በፉከራችን ውስጥ ተኳሹ አለ፣ ጠመንጃው በስሙ አለ፣ የወደቀው ጠላት አለ። የሳተው ጥይት ግን የት እንዳረፈ የሚጠይቅ ስንኝ ተማሪዎቼ ሰብስበው ካመጡልኝ ውስጥ አላጋጠመኝም። እኔም «ይህ ጎድሏል» ብዬ አላስተማርኩም። ፉከራ ይቅር አልልም፤ ውበቱን አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬም ነበር። ዛሬ ክፍል ብገባ ግን ከቤት አመታቱ በፊት የማነሳው ጥያቄ ይኖረኛል።

በታኅሣሥ ከእህቴ ልጅ ፎቶ ደረሰኝ። ጠመንጃ የለበትም፣ አጋዘንም የለበትም። አንድ ጉብታ፣ ጉብታው ላይ የደረቀ ሣር። ከሥሩ «ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ከኢላማዬ ጀርባ ያለው አፈር ነው። ሌላ ቦታ አልተኩስም» ብሏል።

የትኛውን ጥይት እንደገዛ ጠየቅኩት። 450ውን ነው። አላስጣልኩትም። እህቴ በስልክ «ታዲያ ምኑን መከርከው?» ብላ ወቀሰችኝ። መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይታ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጁ በዚያች ልጅ ስም ጧፍ እንድታበራለት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ገንዘብ እንደሰጣት ነገረችኝ።

ሥጋው ግን አሁንም ቤቷ አይገባም።