ጥፋቱ የቆዳው አልነበረም

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥንድ ጫማ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቄ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ ከባንኮኒው ማዶ ቆመው ያጫውቱኛል፤ እኔ ዓይኔ ወደ ላይ እንዳይሄድ እታገላለሁ። ጫማቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ እንዳበላሸሁት እያወቅሁ «ቆዳው ነው» ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከመጀመሪያው ጥፋት ሁለተኛው ስለሚከብደኝ ነው።

ቆዳ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው። በ11 ዓመቴ ከአዊ አዲስ አበባ መጥቼ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ሆንኩ። ብሩሽ በሁለት እጅ ማመላለስ፣ ክሬም በጣት መቀባት፣ በጨርቅ ጫፍ እስኪያበራ መወልወል እዚያ ተማርኩ። ከፍ ስል መርካቶ አንድ ጫማ ቤት ተቀጥሬ ቶማያ መስፋት፣ ፎርማ ላይ መወጠር፣ ሶል በማስቲሽ ማጣበቅ ለመድኩ። የበግና የፍየል ሌጦ፣ የበሬና የጥጃ ቆዳ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የራሴን የጫማ ጥገና ሱቅ ስከፍት ከቆዳ ወገን የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አዛውንቱ የመጡት አንድ የኅዳር ጠዋት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጨርቅ ከረጢት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ያስቀመጡት ጫማ ቀለሙ የጠቆረ ወይን ጠጅ፣ ክብደቱ ከለመድኩት ጫማ ከፍ ያለ ነበር። በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት የገዙት ነው። አፍንጫው ላይ ረዘም ያለ ጭረት አለ፤ እግር ሲታጠፍ በሚተኛበት ቦታ ደግሞ ነጭ ነገር ወጥቶበታል።

«ኮርዶቫን ነው፤ የፈረስ ቆዳ» አሉኝ። «ሠርተህበት ታውቃለህ?»

«አዎ» አልኳቸው።

አላውቅም ነበር። ያን ቀን «አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎት» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ግን የፈረስ ቆዳ የሚለውን ስሰማ በውስጤ የተነሣው ጥያቄ አልነበረም፤ ንቀት ነበር።

ንቀቱ ከየት እንደመጣ ዛሬ ይገባኛል። እኔ የተወለድኩበት አገር የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ፈረሳቸውን ሸልመው ወጥተው ሲጋልቡ እያየሁ አድጌአለሁ። አባቶቻችን ፈረስን ከማክበራቸው የተነሣ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ይህ ሁሉ ክብር ግን ፈረሱ በሕይወት እስካለ ነው። የጋማ ከብት ሥጋው አይበላም፤ ስለዚህ ቆዳውም አይገፈፍም። ሲሞት ተጎትቶ ከመንደር ዳር ይጣላል፣ ሌሊት ጅብ ይሰበሰብበታል፣ ጠዋት አጥንቱ ይቀራል። በልጅነት አእምሮዬ የፈረስ ቆዳ ማለት የጅብ ድርሻ ማለት ነበር። አዛውንቱ ከፊቴ ያስቀመጡትን ጫማ ያየሁት በዚያ ዓይን ነው።

ነጩን ነገር ሻጋታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ሙሉውን ጫማ ጠረግሁት። ጥጡ ደም የመሰለ ቀለም ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ጥጥም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እጄ ማቆም ሲገባው አላቆመም። ጨርሼ ሳየው ያ ጥልቅ ቀለም ጠፍቶ የደበዘዘ ብርቱካናማ ነገር ቀርቷል፤ ጣቴን ባስኬድበት ደርቆ ሻካራ ሆኗል። ያኔም ለመጠየቅ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን ለላም ቆዳ የምጠቀምበትን ሽፋን ቀለም በስፖንጅ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ ላዩንም ማብረቂያ ነፋሁበት። አበራ። አዛውንቱ ሲያዩት ደስ አላቸው፤ 85 ዶላር ከፍለውኝ ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። ቀለሙ ጫማው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ውኃው እንደ ሸሸው የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ቁጣ በድምፃቸው የለም። የጠየቁኝ እንደ ባለሙያ ነው።

«ቆዳው አርጅቷል» አልኳቸው። «የፈረስ ቆዳ እንዲህ ነው፤ ሲቆይ ይሞታል።»

ጫማውን አንስተው ተረከዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ወደ 40 ዓመት አገልግሎኛል፤ ምን ይውጣለት» አሉ። ቀጥለውም «አንተ የምትችለውን አድርገሃል፤ አትዘን። ጣለው» ብለው ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ወጡ። ገንዘቤን መልስ አላሉኝም። እኔም አልመለስኩም። ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔም መጽናናቱን ተቀበልኩ።

ጫማውን ግን መጣል አቃተኝ። ሶሉ ለሌላ ይሆናል ብዬ ራሴን አታልዬ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት፤ ስለዚህ ቆዳ የተጻፈውን አነበብኩ፣ ሥራውን የሚያሳዩ ፊልሞችን ማታ ማታ ተቀምጬ አየሁ።

ኮርዶቫን ስሙን ያገኘው ከስፔኗ የኮርዶባ ከተማ ነው። የሚወጣው ከፈረሱ ከኋላ፣ ከዳሌው ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ፀጉር ከሚበቅልበት ገጽ ሥር ጥቅጥቅ ያለ፣ ሞላላ ቅርጽ ያለው ንብርብር ይገኛል፤ ሼል ይሉታል። ከአንድ ፈረስ ሁለት ብቻ ይወጣል። ፈረሱም የሚታረደው ለቆዳው ተብሎ አይደለም፤ እንደ ፈረንሳይ የፈረስ ሥጋ ከሚበላበት አገር የሚተርፍ ቆዳ ነው። ቺካጎ ውስጥ በ1905 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመው ሆርዊን የተባለ ቆዳ ፋብሪካ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚያመርተው ፀጉር ቆራጮች ምላጭ የሚስሉበትን ጠፍር ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ቆዳ በክሮም ቶሎ ይለፋል። ሼሉ ግን ከእንጨት በተጨመቀ ማልፊያ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳምንታት ይቆያል፤ ከዚያ ወጥቶ ጠንከር ወዳለ ማልፊያ ይገባና ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። ማልፊያውን ሲጠግብ በሙቀት የቀለጠ ሞራ፣ ሰምና ዘይት ይጠጣል፤ የጠጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዲረጋም እንደገና ለወራት ይተዋል። ቀለሙ በብሩሽ በእጅ ይቀባል። በመጨረሻም የብርጭቆ ጥቅል በተገጠመለት ማሽን በኃይል እየተፈተገ እንዲያንጸባርቅ ይደረጋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያንስ 6 ወር ይፈጃል።

እኔ ሻጋታ ብዬ በአሴቶን ያጠብሁት ነጭ ነገር ያ የጠጣው ዘይትና ሰም ነበር። ቆዳው በታጠፈ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን ወደ ላይ ያወጣል፤ በብሩሽ ሲፋተግ ተመልሶ ይገባል፣ ጫማውም ያበራል። ቀለሙም በአብዛኛው ላዩ ላይ ስለሚተኛ ነው አሴቶኑ ጠርጎ የወሰደው። ኮርዶቫን ሲታጠፍ እንደ ላም ቆዳ በቀጭኑ አይጨማደድም፤ እንደ ማዕበል ሰፋ ብሎ ይንከባለላል። እኔ የቀባሁት ሽፋን አብሮ መንከባለል አልቻለምና ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው የእኔ ቀለም ነው። ቆዳው አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።

ከሁሉ የነካኝ ግን አንድ ሥራ ነው። ሼሉ ከንብርብሮቹ መካከል ተደብቆ ስለሚገኝ አንድ ሰው ከማሽን ስለት ፊት ቆሞ፣ ቆዳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በዓይኑና በጣቱ እየለካ ከላይ ያለውን ይፍቃል። ትንሽ ካሳነሰ ሼሉ አይገለጥም፤ ትንሽ ካበዛ የወራት ልፋት ይበሳል። የዚያን ሰው እጅ ደጋግሜ አየሁት። ሥራው መፋቅ ነው።

ይህ ቃል በእኔ አገር ስድብ ነበር። ቆዳ የሚያለፋልንን ሰው «ፋቂ» እንለው ነበር። የምንተኛበትን ጀንዲ፣ እህል የምንይዝበትን ስልቻ፣ በሬ የምንጠምድበትን ጠፍር ከእጁ ወስደን ልጃችንን ግን አንድርለትም ነበር፤ ቤቱም ከመንደሩ ዳር ነበር። በፈረስ ስም የሚጠራው ጀግና የተቀመጠበት ኮርቻ ቆዳው የለፋው በፋቂ እጅ ነው። እኔ ራሴ ከሊስትሮነት የተነሣሁ፣ በቆዳ ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። እንዲያም ሆኖ ያ ንቀት ውስጤ ተቀምጦ ኖሮ፣ ጥፋት ባጠፋሁ ቀን የማሳብብበት ስፈልግ ቶሎ ደረሰልኝ። «ቆዳው ነው» ስል ጥፋቴን የጫንኩት ስማቸውን በማላውቃቸው፣ ስድስት ወር በለፉ ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ጫማውን አወረድኩት። ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ የቀባሁትን ሽፋን በጥቂት በጥቂቱ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል እየለየሁ አነሣሁት። ቀለም ያለው ክሬም በጣቴ በስሱ ቀባሁ፤ ቀን አሳለፍኩና ደገምኩት። ኮርዶቫን የሚያውቁ ሰዎች በአጋዘን አጥንት ያሹታል፤ እኔ በለዘበ አጥንት ጭረቱን ወደ ጎንና ወደ ጎን ተጫንኩት። ጭረቱ ለካ ጉድለት አልነበረም፤ ከቦታው የተነሣ ቃጫ ነው፤ ተመልሶ ተኛ። ሳምንታት ፈጀብኝ። አንድ ማታ በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ረጅም ጊዜ ስፈትገው ከታች ያ ጥልቅ ብርሃን ብቅ አለ። የመጀመሪያው ቀለም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አሴቶን የወሰደውን ወስዷል። ቆዳው ግን አልሞተም ነበር። የእኔን ውሸት ራሱ ጫማው መሰከረበት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አዛውንቱ የባለቤታቸውን ጫማ፣ የራሳቸውን ቀበቶ እያመጡ ደንበኛዬ ሆነው ቀጠሉ። አንድ ጊዜ የዚያን ጫማ ነገር አንስተው «ያንተ ጥፋት አልነበረም» አሉኝ። ጫማው ተመልሶ ከራሴ በላይ፣ ያው መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ዘርግቼ ማውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ራሴን ነቅንቄ ቀበቶውን ተቀበልኳቸው። ሳበላሸው ሳላውቅ ነው፤ ስዋሽ ደንግጬ ነው፤ ያን ቀን ዝም ስል ግን አውቄ፣ ተረጋግቼ ነው።

በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቀላል ነገር ነው እንዲሉኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። «ልጄ፣ የሰው ንብረት በእጅህ ይዘህ ለእኔ ብትናዘዝ ምን ይጠቅማል? ባለቤቱ በሕይወት አለ። ለእሱ ንገረው፤ ያለውንም መልስለት» አሉኝ።

ወሰንኩ። በዚያ ሳምንት ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም። በሚቀጥለው ወርም አልመጡም። በመጨረሻ ቀበቶውን ለመውሰድ የመጣችው ልጃቸው ናት፤ ጫማው በተገዛበት ዓመት የተወለደችው። አባቷ ሌላ ግዛት ወንድሟ ዘንድ ሊኖሩ እንደሄዱ ነገረችኝ። መሰላሉን አቁሜ ጫማውን አወረድኩና ወረቀቱን ፈትቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። ከአሴቶኑ እስከ ዝምታዬ ሁሉንም ነገርኳት። 85 ዶላሩንና የጻፍኩትን ደብዳቤ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት።

ጫማውን አንስታ አጠፍ አደረገችው። እንደ ማዕበል ተንከባለለ። «ሁልጊዜ እዚህ ይመጡ ነበር እኮ» አለችኝ። «ለምን አንድ ቀን አልነገርካቸውም?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ጫማውንም ፖስታውንም ይዛ ሄደች።

ከአዛውንቱ የደረሰኝ ነገር የለም። ይቅር እንዲሉኝ የመጠበቅ መብትም የለኝም። አሁን የማላውቀው ነገር ሱቄ ሲገባ «ይህን አላውቀውም፤ ጠይቄ ልንገርዎት» እላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ጫማውን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይሂድ።

በደብዳቤው መጀመሪያ ያጠፋሁትንና የዋሸሁትን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ግን ያን ቀን ከባንኮኒው ማዶ እንደ ባለሙያ ጠይቀውኝ ልመልስላቸው ይገባኝ የነበረውን ጻፍኩላቸው፦ «ነጭ ነገር ሲወጣበት አይስጉ፤ የጠጣው ዘይት ነው። ክሬም በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ያውም በስሱ ይበቃዋል። ብሩሽ ግን አይሰልቹ። ዝናብ ነክቶት ቆዳው ቢያብጥ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለው ያስተኙት። ይህ ቆዳ ገና ብዙ ዓመት አለው።»