15 ወይስ 18

መሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እጅ የሚጨብጠውን ክብ ነው። ሥራው የሚሠራው ግን ከታች፣ ዓይን በማያየው ሥፍራ ነው። አንድ ጥርሳም ዘንግ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሟል፤ በላዩ ፒኒየን የምትባል ትንሽ ጥርሳም ክብ ትሽከረከራለች። እሷ ስትዞር ዘንጉ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ዘንጉ ሲንሸራተት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። ራክ የሚሉት ይህን ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1948 ለሞሪስ ማይነር፣ በ1959 ደግሞ ለሚኒ የመረጠው ይኸንኑ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በአብዛኛው የቤት መኪና ሥር ያለው ይኸው ነው፤ እኛ ግን ካልተበላሸ በቀር መኖሩን አናውቅም።

የእኛ ተበላሸ። እኔና ታላቅ ወንድሜ በጋራ የምንነዳት የ1992 ማዝዳ ሚያታ አለችን፤ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ሁለት ሰው ጫኝ። መሪዋ ቀጥ ተብሎ ሲያዝ ሁለት ጣት ያህል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው መካኒካችን ከሥሯ ገብቶ ዘንጉን በእጁ ነቀነቀና፣ «ይሄ ተበልቷል፤ ይለወጥ» አለ። ቀጥሎም፣ «ካልቀረ ፈጠን ያለውን ለምን አታስገቡላትም?» ሲል ጨመረ። ክርክራችን የተወለደው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሚያታ ከፋብሪካ ስትወጣ ሁለት ዓይነት ራክ ነበራት። ፓወር የሌለው 18 ለ 1 ነው፤ ጎማው 10 ዲግሪ እንዲታጠፍ እጅ 180 ዲግሪ ማዞር አለበት፤ ከዳር እስከ ዳር 3.3 ዙር ያህል ይሆናል። ፓወር ያለው 15 ለ 1 ነው፤ ለዚያው 10 ዲግሪ 150 ይበቃዋል፤ ከዳር እስከ ዳርም 2.8 ዙር ያህል ነው። የእኛ ባለ 18ቱ ነበር። ሠላሳ ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም አይደለችም። በሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ጠመዝማዛ ላይ ግን፣ እጅን ከመሪው አንሥቶ እንደገና በመጨበጥና ሳያነሡ በመዞር መካከል ያለችው ልዩነት እሷ ናት።

ታዲያ ለምን ሁሉም ፈጣኑን አያስገባም? ዳገትን አስቡ። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ደረቱ ግን ይጨነቃል። አህያ ዙሪያውን ጠምዝዛ ትወጣለች፤ ትዘገያለች፣ አትደክምም። ራክም እንደዚሁ ነው። ከ18 ወደ 15 ሲወረድ ለእጅ የሚደርሰው ክብደት ሰበቃውን ሳንቆጥር በ20 በመቶ ይጨምራል። ፋብሪካው ፈጣኑን ራክ ከፓምፕ ጋር ያጋባው ለዚህ ነው።

እኔ የተመኘሁት ግን ጋብቻውን ማፍረስ ነበር። ባለ ፓወሩን ራክ ገዝቶ ፓምፑን መተው! ብዙ የሚያታ ወዳጆች ያደርጉታል። ቱቦዎቹን ብቻ እርስ በርስ አገናኝቶ መተው ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ በውስጡ የቀረው ፈሳሽ እጅ በዞረ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይገፋልና መሪው ያለ ጥቅም ይከብዳል። በወጉ የሚሠራው ሰው ራኩን ይፈታል፤ በዘንጉ ላይ ያለውን የፒስተን ማኅተም ያወጣል። በፒኒየኗ መግቢያ ላይ፣ ፈሳሹን የሚከፍተው ቫልቭ እንዲሠራ ሆን ተብሎ በጥቂቱ የሚጠማዘዝ ቀጭን ዘንግ አለ፤ እሱንም በብየዳ ያስረዋል። ያን ጊዜ ከእጅ እስከ ጎማ አንዳች ልል ነገር አይቀርም። አስፋልቱ የተለጠፈበትን ስፍራ፣ የዝናቡን ርጥበት፣ የፊት ጎማው መያዣ ሊያጣ የተቃረበበትን ቅጽበት መዳፍ ያነበዋል። እንዲህ ያለ መሪ ነድቼ አውቃለሁ፤ ሰው ቢቀናበት አልፈርድበትም።

ነገር ግን ወንድሜ በዋሽንግተን 22 ዓመት ታክሲ ነድቷል። ብዙውን ዘመን የነዳው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው፤ በአንድ ጣት የሚዞር መሪ ያለው፣ ራክ እንኳ በ2003 ሞዴል የገባለት ሰፊ መኪና። የግራ ትከሻው አሁን ከደረቱ በላይ አይነሣም። በባለ 18ቱም ቢሆን መኪና ሲያቆም ከንፈሩን እንደሚነክስ አያለሁ፤ እሱ የማላይ ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ ትከሻህስ?» አልሁት።

«ትከሻዬ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነው? ለእኔ ብለህ አታበላሻት። ከከበደኝ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ይህን ያለው በቀልድ ነው። ሆኖም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ በባዶ የመኪና ማቆሚያ። አጠገቤ ተቀምጦ «ቀስ፣ ቀስ» ሲለኝ የነበረውን ሰው፣ በ20 በመቶ ምክንያት ለዘለቄታው ወደ ቀኙ ወንበር ላሸጋግረው አልቻልሁም። ደግሞ እሱ ይህን ከነገርሁት እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የብየዳው ዋጋ በዛብኝ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ከተፈታች ሚያታ ላይ ባለ 15ቱን ራክ ከነፓምፑና ከነቱቦዎቹ ገዛን፤ ቺንጋው አዲስ ነው። መካኒኩ ራኩን በትክክል መሐል ላይ አድርጎ አሰረው፤ መሐሉን የሳተ ራክ በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ይዞራልና። አላይመንት ሳይሠራ መኪናዋን አልሰጠንም።

በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም በየመታጠፊያው ከሚገባው በላይ አዞርን፤ የለመደ እጅ ቁጥር አያነብም። በሳምንቱ ተስማማን። የመንገዱ ወሬ ቀንሶብኛል፤ ፈሳሹ በመሐል ገብቶ ግማሹን ያስቀረዋል፣ ይህን አልክድም። ወንድሜ ግን ባለፈው እሑድ ሮክ ክሪክን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳ። ሲመለስ በሁለት መኪኖች መካከል፣ በጠባብ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ አስገብቶ አቆማትና፣ «ያ ብየዳ ስንት ነበር ያልኸው?» ሲል ጠየቀኝ። ዋጋውን ከፍ አድርጌ ነገርሁት።